የተቆረጠችው «ቢ»

በሆስፒታሉ የኮምፒውተር ክፍል የምትሠራውን ፕሮግራመር ባልደረቦቿ «ቋጣሪት» ይሏታል። በገንዘብ አይደለም፤ ምሳ ስትጋብዝ እጇ ሰፊ ነው። የምትቋጥረው የኮምፒውተር ቦታ ነው። አንድ ፊደል ለሚበቃው መረጃ ሰፊ ቦታ ተይዞለት ካየች፣ ቧንቧ ተከፍቶ ውሃ ሲፈስ ያየች ያህል ያንገበግባታል። እናቷ በልጅነቷ ስላረፈች ያሳደጋት አባቷ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው፣ ቀልደኛ።

በዚያ ሰሞን የሆስፒታሉን አሮጌ ዳታቤዝ ስታጸዳ የደም ዓይነት እንደ ልብ በሚረዝም የጽሑፍ ቦታ ተይዞ አገኘችው። አንዱ ከፊቱ ክፍት ቦታ ጨምሮ፣ ሌላው ከኋላው ነጥብ አክሎ ጽፎታል። «ኤ፣ ቢ፣ ኦ። ለዚህ አንዲት ፊደል አነሰችው?» አለችና ክፍት ቦታውን ጠራርጋ፣ ጽሑፉን አንድ ፊደል ብቻ ወደሚይዝ የካራክተር ዓይነት ቀየረችው። ፖዘቲቭና ነጌቲቩ ለብቻው ስለሚመዘገብ አላሳሰባትም። ኮምፒውተሩም አንዳች ስህተት አላሳየም። ፊት ለፊቷ ያለውን ገጽ አየት አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ አባቷ የሐሞት ጠጠር ሊወጣለት እዚያው ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ጠዋት ልትጠይቀው ገብታ እጁን ስትይዝ፣ እጁ ላይ በታሰረው መለያ የደም ዓይነቱ «ኤ» ተብሎ ተጽፎ አየች።

«አባዬ፣ የሰው መለያ ነው እንዴ ያሰሩልህ?»

«ኧረ የራሴ ነው፤ ስሜ አለበት።»

አባቷ ደሙ «ኤቢ» ነው። «ከሁሉም ተቀባይ ነኝ፣ ደሜ እንኳ እንግዳ አይመልስም» እያለ ጎረቤቱን የሚያሰለች ሰው ነው። ድንገት ነገሩ ገባትና ክው አለች። ኤቢ ሁለት ፊደል ነው! አንድ ብቻ ያዝ የተባለው ኮምፒውተር «ኤ»ን አስቀርቶ «ቢ»ን ቆርጦ ጥሏታል፤ እህ እንኳ ሳይል።

ፊቷ አመድ ሲመስል ያየችው ነርስ ነገሩን ጠይቃ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ መለያውን አስተካክላለሁ። ደግሞ ኤቢ ለሆነ ሰው የኤ ደምም ይስማማዋል» አለቻት።

ትንፋሿ መለስ አለ። አፍታ ሳይቆይ ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። ደም ለጋሾቹስ? እነሱም የተመዘገቡት እዚያው ነው! ኤቢ ደም «ኤ» ተብሎ ለኤ ሰው ከተሰጠ ይገድላል።

ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። የደም ባንኩን በር በርግዳ፣ «ኤ የሚል ደም እንዳታወጡ!» ብላ ጮኸች።

የደም ባንኩ ኃላፊ ከወንበሯ ተነሳች። «ምነው? ዛሬ ጠዋት «ኤ» የተባለ አንድ ከረጢት ደም ከታማሚው ናሙና ጋር አልስማማ ብሎ ተመልሷል።»

«ለሰው ሳይሰጥ?»

«ሳይሰጥ። ሳናመሳክር መቼ እንሰጣለን?»

ፕሮግራመሯ እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። ኃላፊዋም ቀጠለች፦ «ከረጢቱ ላይ መለያ የሚለጥፉት ሽማግሌ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ናቸው የተሳሳቱት። ዓይናቸው ደክሟል ተብሎ ወደ ቤት ተላኩ። አንጀቴን በሉት፤ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።»

«እሳቸው አይደሉም» አለች። «እኔ ነኝ።»

የቆረጠችውን ፊደል ነገር አንድ በአንድ ነገረቻት።

ደሙ ታግዶ እንዲቆይ ተደረገ፤ እሷም መጠባበቂያ ቅጂውን አውጥታ የተቆረጠውን መለሰች። ዳይሬክተሩ ዘንድም ራሷ ገብታ ተናገረች። ሰውየውም እንዲህ ያለውን ሥራ ሁለተኛ ሰው ሳያየው እንዳትነካ በጽሑፍ አስጠነቀቃት። ጋሼ ጋ ልደውል ብላ የለመነችው ግን እሷ ናት።

ነገሩን ነገረቻቸው። «ዓይኔን ልመረመር ወረፋ ይዣለሁ እኮ፣ ልጄ» አሏት። «ዓይንዎ ደክሟል ሲሉኝ እኔም አምኜ ነበር።»

ከዚህ ይልቅ ቢሰድቧት በወደደች። አባቷ ከቀዶ ሕክምና በሰላም ወጥቶ ዓይኑን ሲገልጥ፣ ውሃ ልታጠጣው ብርጭቆ አንስታ፣ እጁ ላይ ያለው መለያ «ኤቢ» ማለቱን ደግማ ደጋግማ ስታነብ ውሃውን ደረቱ ላይ አፈሰሰችበት።