ክዳን የሌለው ባትሪ

ጅቡቲ ውስጥ የመኪና ባትሪ የሚገድለው ሙቀቱ ነው ይላሉ። የእኔን የገደለችው ግን እናቴ ናት፤ ያውም በጸበል።

መኪናዬ ከከተማው ዳር፣ ከፔካ 12 ሰፈር ወዲያ ባለው መንገድ ተገልብጣ እኔ ያለ አንዳች ጭረት ስወጣ፣ እማዬ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ተሳለች። መኪናዋ ተጠገነች፣ ጥላውም ተገዛ። ለበዓሉ ልንነሳ ጥቂት ቀን ሲቀረን ግን መኪናዋ አልነሳም አለች። ኮፈኑን ስከፍት እማዬ ቢጫ ጄሪካኗን ይዛ መጣች።

«ውሃ ጎድሎበት ይሆናል፤ ልሙላልህ?»

«መቼ ሞልተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሁሌ ነዋ! የቧንቧው ውሃ ጨው ነው። ከጸበል የበለጠ ንጹሕ ውሃ ደግሞ የት አለ?»

ባትሪ የሚፈልገው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው ብላት፣ «ጸበል አልተጣራም ልትል ነው?» አለችኝ።

በማግስቱ ካርቲየ ሰባት ሰፈር ወዳለ የባትሪ ሱቅ በታክሲ ሄድን። ባለሱቁ ሶማሌ ነው፤ አማርኛውን የለቀመው ከከባድ መኪና ሾፌሮች ነው። ሁለት ባትሪ አስቀመጠልን፤ አንዱ ውሃ የሚጨመርበት፣ ሌላው የታሸገ። እኔ ዓይኔን ከታሸገው ላይ አልነቀልኩም። እማዬ ግን እንደ በዓል በግ ዙሪያውን ዳበሰችው።

«የዚህኛው ክዳን የታለ?»

«የለውም ማማ። ዋላሂ፣ ይኼ ውሃ አይጠጣም።»

«ታዲያ በምን በኩል ይባረካል? ክዳን ያለውን ስጠን።»

ሰውየው እኔን ያያል፣ እኔ እሱን። ሰባት ሰዓት እየተቃረበ ነው፤ ጫት ሊገባ ነው። ጫት ከገባ ደግሞ በዚህ ከተማ ባትሪ ቀርቶ ክብሪት የሚሸጥልህ አታገኝም። ነገ ዓርብ ነው፣ ሱቁ ዝግ። ቅዳሜ ማለዳ ካልተነሳን ስለቱ ለከርሞ መተላለፉ ነው፤ ያን ጊዜ የእማዬን ፊት ማን ያየዋል!

«እማዬ፣ ክዳን ያለውን ብገዛ ትከፍቺዋለሽ።»

«እከፍተዋለሁ!»

ቢያንስ አትዋሽም። የታሸገውን ገዛሁ። እሷም ፊቷን ወደ ታክሲው መስኮት አዙራ እስከ ቤት ድረስ አኮረፈችኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ጥላው ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል። ቁልፉን ላዞር ስል በእኔ በኩል ያለው በር ተከፈተ። እማዬ ናት፣ ከነጄሪካኗ።

«የታሸገ ነው አልኩሽ እኮ!»

«እሱ ታሸገ፤ አንተ መች ታሸግህ?» አለችና የቀረውን ጸበል በሙሉ አናቴ ላይ ገለበጠችው። «ደግሞስ የተሳልኩት ለባትሪው መሰለህ?»

ዞራ ገብታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ እንደተጣበቀ ቁልፉን አዞርኩ፤ መኪናዋ በአንዴ ተነሳች። በጸበሉ አመካኝቼ ዓይኔን ጠረግኩ።