ስምንት ዲግሪ የጎደለው ቴርሞሜትር

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ የካ ውስጥ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ሳይንስ ማስተማር በጀመርኩበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። ዛሬም ውሃ ሲፈላ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ውሃ ደግሞ የማይፈላበት ቀን የለም።

ትምህርት ቤቱ አንድ ቴርሞሜትር ብቻ ነበረው። ጠባቂው የንብረት ክፍል ሠራተኛው ጋሽ ደምሴ ነበሩ። ጋሽ ደምሴ ዕቃ አውሰው ወደ ቢሯቸው የሚመለሱ ሰው አልነበሩም። ካርታ ሲወጣ ከካርታው ጋር፣ ማግኔት ሲወጣ ከማግኔቱ ጋር ወጥተው፣ እስኪመለስ ድረስ የመማሪያ ክፍሉ በር ላይ ይቆማሉ። ተማሪዎቹ «ተጨማሪው የትምህርት መርጃ መሣሪያ» ይሏቸው ነበር።

በዚያ ዓርብ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ለማሳየት ቡታጋዝ ላይ ትንሽ ድስት ጣድኩ። መጽሐፉ መቶ ይላል። ተማሪዎቹም አስቀድመው በየደብተራቸው መቶ ብለው ጽፈዋል። ውሃው ተንተከተከ፤ ሜርኩሪው ግን ዘጠና ሁለት ላይ ደርሶ ቆመ። ብንጠብቅም ንቅንቅ አላለም።

«ተበላሸ» አለ አንዱ ከኋላ።

ጋሽ ደምሴ ከበሩ ገብተው መስታወቱን አጎንብሰው አዩት።

«ጓድ መምህር፣ እኔ ያስረከብኩህ መቶ የሚል ዕቃ ነው» አሉ። «አሁን ስምንት ዲግሪ አጉድለህ ልትመልስልኝ ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። የሙከራ ጊዜዬን ገና አልጨረስኩም ነበር። አንዱ ቸልተኝነት የሚለውን ሌላው አሻጥር ሊለው በሚችልበት በዚህ በአብዮቱ ጊዜ፣ የሕዝብ ንብረት አበላሸ ተብሎ መከሰስ ከሥራ መባረር ብቻ ላይሆን ይችላል። ጋሽ ደምሴም ሰኞ ጠዋት ለርእሰ መምህሩ እንደሚያመለክቱ ፊት ለፊት ነገሩኝ።

ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ቀድሞ እንደሚፈላ አንብቤአለሁ። ነገር ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ የማመሳክርበት ሌላ ቴርሞሜትርም አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን የሚለው ጥርጣሬ እኔንም ይዞኝ ነበር። በመስኮቱ እንጦጦን ስመለከት አንድ ሐሳብ መጣልኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ጥፋቱ የዕቃው ከሆነ ተራራው ላይም ዘጠና ሁለት ይላል። ምክንያቱ ከፍታው ከሆነ ግን እዚያ ከዚህም ያንሳል። ነገ አብረን ወጥተን እንየው፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለጉ ያመልክቱ።»

«ከዚህም ካነሰ ጭራሹን ሰበርከው ማለት አይደለም እንዴ?» አሉ። ሆኖም ዕቃው ያለ እሳቸው የትም ስለማይሄድ ተስማሙ።

በማግስቱ እኔ ቡታጋዙን፣ ድስቱንና ውሃውን ተሸከምኩ። እሳቸው ቴርሞሜትሩን በካፖርታቸው የውስጥ ኪስ ይዘው ከፊት ከፊት ወጡ። ባሕር ዛፉ መካከል ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኙን፤ አንዷ ሸክሟን ዛፍ ላይ አስደግፋ ጠየቀችን።

«ወዴት ነው በዚህ ሁሉ ጓዝ?»

«ውሃ ልናፈላ ነው» አልኳት።

«እንዴ፣ ታች እሳት ጠፋ?»

ሴቶቹ ሳቃቸው እየተሰማን ወረዱ። ጋሽ ደምሴ ዞር ብለው «በአንተ ምክንያት መሳቂያ ሆንኩ» አሉኝ።

እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ከግቢው ራቅ ብለን ድስቱን ጣድን። ነፋሱ እሳቱን ስላስቸገረ ጋሽ ደምሴ ካፖርታቸውን አውልቀው ከለሉት። ውሃው ፈላ። ሜርኩሪው ዘጠና ላይ ቆመ።

«ቆይ፣ ገና ነው። እሳቱ ደክሟል» አሉ። ቡታጋዙን ራሳቸው ደጋግመው ነፉት። ውሃው ተንፈቅፍቆ ተጋመሰ፤ ሜርኩሪው ግን ከዘጠና አላለፈም። አጎንብሰው ቁጥሩን እንደገና አዩት።

«እና ይኼ መቶ የሚባለው የት ነው ያለው?»

«ባሕር ዳርቻ ነው፤ ለምሳሌ ምጽዋ።»

«ምጽዋ?» ቀና አሉ። «ልጄ ተሾመ እኮ እዚያ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ምጽዋ ነው የመደቡት።»

ስንወርድ ቴርሞሜትሩን ኪሳቸው ከተው ከፊት ከፊት ሄዱ። እኔም የራሴ ሐሳብ ነበረኝ። ተራራው ከፍታ ዲግሪ እንደሚቀንስ አሳይቶኛል፤ ዕቃው ትክክል መሆኑን ግን አላረጋገጠልኝም። ያን ሊነግረኝ የሚችለው ባሕሩ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ ደምሴ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሲገቡ አየሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ወጥተው ትከሻዬን ያዙኝ።

«ፈቅደዋል፣ ልጄ።»

«ምኑን?»

«ምጽዋ እንዲሄድ ነዋ። ተሾመ በሚቀጥለው ወር ለፈቃድ ይመጣል፤ ሲመለስ ይዞት ይሂድ።»

ከክፍል ክፍል ብቻዬን እንዳዞረው ያልፈቀዱልኝን ዕቃ እንዲህ ጦር ሜዳ ላኩት። ተሾመ ፈቃዱን ሲጨርስ በጥጥ ጠቅልሎ ይዞት ሄደ። የቴርሞሜትሩ ሣጥን የነበረበት የካዝናው መደርደሪያ ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ ባዶውን ቆየ። ጋሽ ደምሴ ጠዋት ጠዋት ካዝናውን ከፍተው ያንን ባዶ ቦታ ያዩትና ይዘጉታል። ደብዳቤ መጣ ወይ ብዬ የጠየቅኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ፊታቸውን ካየሁ በኋላ ደግሜ አልጠየቅሁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተሾመ ከስቶና ጠቁሮ በትምህርት ቤቱ በር ገባ። ጋሽ ደምሴ ሲያዩት የንብረት ክፍሉን በር ሳይዘጉ ወጡ። እሱ ሣጥኑን የድንጋዩ አጥር ላይ አስቀምጦ ወደ አባቱ ሮጠ። አቅፈውት አልለቅ አሉ።

ሣጥኑን አነሳሁና ከፈትኩት፤ መስታወቱ ደህና ነው። ትንሽ ጠብቄ «ስንት አለ?» አልኩት።

«መቶ» አለኝ ከአባቱ ትከሻ በላይ እያየኝ። «ልክ መቶ። ጓደኞቼ አብደሃል ብለውኛል።»

የጠየቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ጋሽ ደምሴ ቁጥሩን ያን ዕለትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አልጠየቁም። አባትና ልጅ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እኔ ቴርሞሜትሩን ይዤ ክፍል ገባሁ፤ በሩ ላይ የቆመ ሰው አልነበረም።

ተሾመ ፈቃዱ አልቆ ወደ ምጽዋ ከተመለሰ ወዲህ «ተጨማሪው መርጃ መሣሪያ» እንደ ወትሯቸው ቦታቸውን ይዘዋል። እኔም ዘጠና ሁለትን፣ ዘጠናንና መቶን ሰሌዳው ላይ በጻፍኩ ቁጥር ዞር ብዬ በሩን አያለሁ። የማውቀውን ነገር በዓይኔ ለማየት የነበረኝ ጉጉት ረክቷል። አሁን የምጠብቀው ተሾመ ጨርሶ ተመልሶ፣ በሩን ባዶ ሆኖ የማገኝበትን ቀን ነው።