ወርሳሜ ያልሰማው ጥያቄ

ድሬዳዋ ላይ ሰው የተናገሩት ነገር ካልገባው ድምፅ አይጨመርለትም፤ ቋንቋ ይቀየርለታል። አማርኛው አልሆን ካለ ሶማሊኛ፣ ሶማሊኛው ካልሠራ ኦሮምኛ፣ እሱም ካቃተ ከሐረሪውም ከዓረብኛውም ተለቃቅሞ የሚገባ ነገር ይፈለግለታል። ለእንግዳ ደግ ልማድ ነው። ቋንቋ ቸግሮት ሳይገዛ ከገበያ የተመለሰ ሰው አላውቅም። ላሜራ ቀጥቃጩን ወርሳሜን ግን ጉድ የሠራው ይኸው ደግ ልማድ ነው።

ወርሳሜ የከተማውን ቋንቋዎች አሳምሮ ይናገራል። ችግሩ ጆሮው ላይ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቅጥ ኖሯል፣ ላሜራ ደግሞ ሲመቱት ዝም የሚል ዕቃ አይደለም። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ በሆነ ጠባብ ቤት ውስጥ ጩኸቱ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ሰውዬው ላይ ያርፋል። መጀመሪያ የሄደበት ቀጫጭኑ ድምፅ ነው፤ ወፉ፣ የሕፃናቱ ጨዋታ፣ የስልኩ ጥሪ። ቀጥሎ የሴቶች ንግግር ደበዘዘ። ዛሬ የቀረው የከባድ መኪና ጉርምርምታና የራሱ መዶሻ ነው፤ መዶሻውንም ቢሆን የሚሰማው በክንዱ ይመስለኛል።

ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለም። ልኬት በቃል ነግረውት የማይሰማ ሠራተኛ ዘንድ ማን ሥራ ያመጣል ብሎ ፈራ። ፍርሃቱ እውነት ነበረው፤ ግን ኩራትም አልጠፋበትም፣ ልሸሽግለት አልችልም። ደንበኛ ገብቶ ቁመቱን ወርዱን መዘርዘር ሲጀምር ጠመኔ ያቀብለውና ወደ ሲሚንቶው ወለል ይጠቁመዋል። "ሣለው" ይላል። ሰውዬው በርከክ ብሎ የሚፈልገውን ይሥላል፣ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ወርሳሜም ሥዕሉን ዞሮ ዞሮ ያያል። "ወርሳሜ እኮ ካልተሣለለት መቀስ አያነሳም፣ ለሥራው እንዲህ ነው" እየተባለ በጥንቃቄው ስም ወጣለት። ሰው ሳያስበው እንዲህም ይከበራል።

ሥዕል የማይሆንለት ነገር ሲመጣ ግን ይጨነቃል። የባጃጅ ሹፌሩ ዛኪር አንድ ጠዋት የተቀደደ የጎማ መከላከያ ይዞለት መጣ። ጎንበስ ብሎ ጎማውን እያየ፣ "አው ወርሳሜ፣ ዛሬ ይደርሳል?" አለው፤ አው የታላቅ ሰው መጠሪያ ነው። ወርሳሜ "እ?" አለ። ዛኪር በሶማሊኛ ደገመለት። "እ?" በኦሮምኛ ሠለሰለት። ወርሳሜ አፈረና እንዳመሉ "ኢንሻአላህ፣ መልካም ነው" አለ።

"አቦ ያንተ ነገር" አለ ዛኪር እየሳቀ። "ስምህ ማን ነው ብልህም ኢንሻአላህ ልትለኝ ነው።"

ወርሳሜም አብሮት ሳቀ። በምን እንደሳቀ አያውቅም።

እንዲህ እየሳቀ ብቻውን ቀረ። ከምሳ በኋላ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ ጥላ ሥር ጫቱን ይዞ ሲሰበሰብ እሱም ድሮ ቦታ ነበረው። ጨዋታው እያመለጠው፣ ሁሉም ስቆ ሲጨርስ እሱ ሲጀምር፣ ዓይኖች ሲዞሩበት ጊዜ ቀስ ብሎ ቀረ። ለምን ቀረህ ብሎ የመጣ የለም፤ ምናልባት መጥቶ ጠይቆትም ይሆናል። የአዛኑን ሰዓት የሚያውቀው ፊት ለፊት ያለው ቅመም ሻጭ ጆንያውን ሲሸፍን አይቶ ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ጅቡቲ ያገባችው ልጁ ካውሰር ትደውላለች፤ እሱ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ "ደህና ነኝ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ" ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና "ደህና ነኝ" ይላል። አንድ ቀን ምን ብላው እንደሆነ እንጃ፣ እሱ "አልሐምዱሊላህ" ካላት በኋላ ብዙ ጊዜ ሳትደውል ቀረች። ነገሩ እስከ ዛሬ ያብሰለስለዋል።

ሃሊሞ ባትኖር ምን ይሆን ነበር? ሃሊሞ ቀፊራ ገበያ ሳምቡሳና ባጂያ የምትሸጥ፣ እሷም ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ቤቷ ስትመለስ የወርሳሜ ቤት መንገዷ ላይ ነው። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ገልብጣ ትቀመጣለች፣ የቀራትን ሳምቡሳ ታወጣለች፣ ከዚያ ወሬዋን ትጀምራለች። የእሷ ወሬ በአፍ ብቻ የሚወራ አይደለም። እጇ ያወራል፣ ቅንድቧ ያወራል፤ ስለ አንዲት ነገረኛ ደንበኛ ስትነግረው ደንበኛዋን ራሷን ሆና ትቀርባለች። ፊት ለፊቱ ስለምትቀመጥም ወርሳሜ ከከንፈሯ ላይ አንድ በአንድ ይለቅመዋል። በቀኑ ውስጥ ሰው የሚሆነው ያን ጊዜ ነበር።

ይወዳታል። በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ነገር ያሳፍራል እንጂ አይጠፋም። "እኔና አንቺ ብቻችንን ከምንሆን አንድ ቤት ብንሆንስ" ሊላት ቆርጦ ነበር፤ ቃሉንም ስንት ጊዜ አዘጋጅቶታል። ያስፈራው መልሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የተጠየቀች ሴት ወንድን ዓይን ዓይኑን እያየች አትመልስም፤ አንገቷን ትደፋለች ወይም በሻርፕዋ ጫፍ አፏን ትሸፍናለች። ያኔ እሺ ትበለው እምቢ ትበለው በምን ይወቅ? እንግዲህ ዛሬ ነገ ሲል ከረመ።

አንድ ቀን ሃሊሞ ባልተለመደ ሰዓት፣ ቀትር ሳይሆን መጣች። አዲስ ሻርፕ አድርጋለች። ጠመኔውን ራሷ አነሳችና ወለሉ ላይ ሣለች፤ ፊቱ መስታወት የሆነ የሳምቡሳ ማሞቂያ ሳጥን፣ ከሥሩ የከሰል መሳቢያ፣ ግራና ቀኙ ላይ ጠንካራ እጀታ።

"እጀታው ምን ያደርጋል?" አላት።

"ባጃጅ ላይ ይጫናላ። መንገድ ይችል።"

ከቤቷ ቀፊራ ድረስ ልታመላልሰው መስሎት ራሱን ነቀነቀ። እሷ ከግድግዳው ጋር የተደገፈውን የሚያብረቀርቅ፣ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ላሜራ አሳየችው። "እሱ የጣሪያ ነው" አላት። "እሳት ሲነካው ያጨሳል፣ ለምግብ አይሆንም። ላንቺ በስቴንለስ ነው የምሠራው።" ፈገግ አለች።

ከዚያ ተነሳች። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ የሻርፕዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠቀለለች ቆመች። ወርሳሜ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ሲል አይቶ እየተናገረች መሆኑን አወቀ።

"እ?" አላት።

አልዞረችም። እንደገና ተናገረች፤ ከትከሻዋ ምት ቋንቋ እንደቀየረች ጠረጠረ። "እ?" አለ እንደገና። ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረች፣ አሁንም መንገዱን እያየች። ልብ ቢኖረው ተነስቶ ፊቷ ሄዶ ይቆም ነበር። እሱ ግን ሦስተኛ "እ?" ማለቱ አሳፈረው። መቼም መቼ ይደርሳል ነው የምትለኝ፣ ብሎ ገመተ። ገምቶም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ኢንሻአላህ፣ መልካም ነው፣ ምን ችግር አለው" አላት።

ሃሊሞ ዞረች። ጥቂት አየችው። "እሺ" አለች፣ ይቺን ከከንፈሯ አያት፣ ከዚያ ሄደች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የመንገዱ አቧራ ነው አለ ወርሳሜ ለራሱ።

ከዚያ ወዲያ በዐስር ሰዓቷ አልመጣችም። ሥራዬን እንዳትፈታብኝ ብላ ነው ብሎ ተጽናና፣ ሥራውንም ተያያዘው። ስቴንለሱን ወለሉ ላይ ዘርግቶ በሹል ሚስማር መስመሩን ጫረበት። እጥፋት ላይ ላሜራው ከልኬቱ የሚበላውን አስቦ ጨመረለት፤ ያን የዘነጋ ሰው ሳጥኑ ሲገጣጠም አፉ አይገጥምለትም። በመቀስ ቆረጠ። አሮጌ የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ላይ አስደግፎ በእንጨት መዶሻ ቀስ በቀስ አጠፈው፤ የብረት መዶሻ ፊቱን ያበላሻል፣ ላሜራውንም ይለጥጠዋል። ጠርዙን ሁሉ ወደ ውስጥ ደርቦ አጠፈ፤ እጇን እንዳይቆርጣት ነው። ይህን ሲያደርግ እጆቿን እያሰበ ነበር፣ ዘይት ያቃጠላቸውን ጣቶቿን።

መሳቢያውን ከወፍራም ጥቁር ላሜራ ሠራው። ቀለም አልቀባውም፤ ቀለም ከሰል ሲነካው ይሸታል፣ ሽታው ሳምቡሳው ውስጥ ይገባል። ዘይት ለቅልቆ እሳት ላይ አገላበጠው፣ ዘይቱ ብረቱ ላይ እስኪደርቅና ጥቁር ልብስ እስኪሆንለት። እጀታዎቹን ሁለት ብረት በሚያጣብቅ የሪቬት ሚስማር መታ። ድሮ ሪቬት የላላ እንደሆነ በድምፁ ነበር የሚያውቀው፤ አሁን መዳፉን ከጀርባው ለጥፎ ይመታና ንዝረቱን ያዳምጣል። በመጨረሻ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ፈገፈገው፤ እንዲያ ሲሆን ጭረቱ ተሰልፎ ውበት ይሆናል። ሳጥኑን ስታነሳው ፊት ለፊት አቆማትና እጠይቃታለሁ አለ። አንገቷንም ብትደፋ፣ ቀና በይ ሃሊሞ፣ እላታለሁ አለ። ደስ ብሎት ነበር፤ ለብዙ ጊዜ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ሃሊሞ በዛኪር ባጃጅ መጣች። ዛኪር ከውጭ ገመድ ሲፈታ እሷ ገብታ ሳጥኑን ዳሰሰችው። መሳቢያውን ሳበች፣ መለሰች። ጠርዙ ላይ ጣቷን ስታስኬድ ወርሳሜ እጇን አየ፤ እስከ አንጓዋ ድረስ ሂና ተሞሽራለች።

"የማን ሰርግ ነው?" አላት።

ቀና ብላ አየችው። "የኔ" አለች።

ወርሳሜ ከንፈሯን በደንብ ያላነበበ መስሎት ነበር። "ከማን?"

"ዋሂል ከተማ ሱቅ ያለው አብዲራሺድ። ጁምዓ ዕለት ኒካው ታሰረ። ሳጥኑንም እዚያው ነው የምወስደው።" ከዚያ ግንባሯ ተቋጠረ። "ምነው እንደማታውቅ ሆንክ? ጠይቄህ እሺ ብለህ የለ እንዴ።"

"ምን ጠየቅሽኝ?"

ዛኪር እንደማይሰማት ዞር ብላ አረጋገጠች። ተመልሳ ስታየው ፊቷ ላይ ቁጣም ሐዘንም ነበር። "አብዲራሺድ ለኒካ ጠይቆኛል፣ አንተ የምትለኝ ነገር ከሌለህ እሺ ልበለው ወይ? አልኩህ። ፊትህን እያየሁ እንዴት ልበልህ፣ ሴት ነኝ፣ አፈርኩ። በአማርኛ 'እ?' ስትለኝ በሶማሊኛ አልኩህ። ወላሂ በኦሮምኛም አልኩህ። አንተ ግን መልካም ነው፣ ምን ችግር አለው አልከኝ።"

ወርሳሜ በዘይት ቆርቆሮው ላይ ቁጭ አለ። "አዎ ብያለሁ፣ አላህ ያስማማችሁ" ብሎ መሸኘት ይችል ነበር፤ ሸክሙን ብቻውን ይዞት ይቀር ነበር። ቃሉም እስከ ጉሮሮው መጥቶለት ነበር። ግን ዕድሜውን ሙሉ ያልሰማውን እንደሰማ ሆኖ ኖሮ ይኸው የት አደረሰው? ታከተው።

"ደንቆሮ ነኝ፣ ሃሊሞ" አላት።

"አቦ እንደሱ አትበል" አለች ደንግጣ። "ማን ነው አንተን ደንቆሮ የሚልህ? ሁሉ ሰው ነው የሚያከብርህ።"

አማርኛችን ለማይሰማውም ለጅሉም አንድ ስም ነው የሰጠው። እሷ ራሱን የሰደበ መስሏት ነበር። ወርሳሜ ራሱን ነቀነቀና ጣቱን ጆሮው ላይ አደረገ። "ይኼ አይሰማም" አለ። "ከቆየ። ፊትሽን ካላየሁ ያንቺም ድምፅ አይደርሰኝም። የዚያን ቀን ጀርባሽን ነበር የማየው።"

ሃሊሞ ጣቱ ያረፈበትን ጆሮ ብዙ አየችው። ዛኪር ገብቶ ሳጥኑን በሁለቱ እጀታዎቹ አንስቶ ወጣ፣ ባጃጁ ላይ አስሮ መንቀጥቀጡን በእጁ ሞከረ። ዋሂል ሳይደርሱ እንዲመሽባቸው አልፈለገምና በእጁ ጠራት። ወደ በሩ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ተመለሰችና እፊቱ ቆመች፣ ሻርፕዋን ከአፏ ላይ ዝቅ አደረገች።

"ለምን አልነገርከኝም?" አለችው። "እጮኽልህ ነበር እኮ። ቀፊራ ሁሉ እየሰማኝ እጮኽልህ ነበር።"

አንድም ቃል አላመለጠውም።