የአጥንት ውሃ

እትዬ የብርጓልን ያላየ ሰው መጠየቅ ምን እንደሆነ አያውቅም። እኔ ይትባረክ እባላለሁ፤ ከባሕር ዳር ጎሽ ውሃ ሚኒባስ እነዳለሁ። በሽተኛ ጭኜ እሄዳለሁ፣ የዳነ ወይም ድኛለሁ ያለ ጭኜ እመለሳለሁ። የትውልድ መንደሬ ጎሽ ውሃ ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ገባ ብላ ያለች የፍል ውሃ አገር ናት። ክርስቲያኑም እስላሙም ይመጣል። ቁርጥማት ነው፣ ወገብ ነው፣ እከክ ነው፤ ሰባት ቀን ሲዘፈዘፍ ሰንብቶ ይሄዳል። የመታጠቢያው ጠባቂ እትዬ የብርጓል ናቸው፤ ሥራውን ከያዙ ይኸው ሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው።

ገና የመኪናው በር ተከፍቶ ሳያበቃ ይጀምራሉ። "ምንህን ነው? ከመቼ ወዲህ? ሲነጋ ይብስብሃል ወይስ ሲመሽ? አባትህንስ እንዲህ ያደርጋቸው ነበር?" አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ የባንክ ሰው በፎጣ እንደተጠቀለለ ቆሞ ይህን ሁሉ ሲመልስ አይቻለሁ። "ኧረ እትዬ፣ ሰውዬው ሊታጠብ እንጂ ሊመረመር አልመጣም" ብላቸው፣ "አንተ መሪህን ያዝ" አሉኝ። ምን ይደረግ፣ ነገሩን ሳያውቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ጎሽ ውሃ ውስጥ አንድ ልማድ አለ። ጡት የጣለ ልጅ ሁሉ ሰባት ዓመት እስኪሞላው ድረስ በየጠዋቱ በባዶ ሆዱ ከምንጩ ተቀድቶ ሲቀዘቅዝ ያደረ አንድ ኩባያ ውሃ ይጠጣል። አጥንት ያጠናል ይባላል፤ ስሙም የአጥንት ውሃ ነው። እናቶች ልጆቻቸውን አሰልፈው ያመጣሉ፣ እትዬ የብርጓል በቅል እየቀዱ ያጠጣሉ። የልጃቸው የእናትዓለም ልጅ ዜማም ከሰልፉ አትቀርም። ዜማ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ያን ሰሞን የፊት ጥርሷ ተነቃንቆ በምላሷ እየገፋች ለሁሉም ታሳያለች።

ከሁለት ዓመት በፊት ከምንጩ በላይ ባለው ሜዳ የመቆፈሪያ ማማ ተተከለ። ከምድር ሥር ያለውን እንፋሎት አውጥተው መብራት ሊያመነጩበት ነው፤ ጂኦተርማል ይሉታል። ለጊዜው ሙከራ ነው ተባለ። አገሩ ግን ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። ወጣቱ "ሥራ ይመጣል፣ መብራት ይገባል" አለ። ለታጣቢ ክፍል የሚያከራዩት አቶ ገብረ ሕይወትና ጎረቤቶቻቸው ደግሞ "ምንጩ ይደርቃል፣ ጭሱም ይጨርሰናል" አሉ። ከመሬት ተነሥተውም አይደለም፤ ነፋሱ ወደ መንደሩ ሲዞር የገማ እንቁላል ይሸታል፣ ልጆቹን ያስላቸዋል። እኔ? ታጣቢ ከቀረ እኔም ቀረሁ ማለት ነው፤ ስለዚህ ከአቶ ገብረ ሕይወት ጋር ነበርሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

አምና አንዲት የጥርስ ሐኪም ልትታጠብ መጥታ የልጆቹን ጥርስ አየችና፣ "ይህ የበለዘው ከውሃ ነው" ብላ ሄደች። በቃ! አቶ ገብረ ሕይወት ቃሏን አፈፍ አደረጓት። "አላልሁም? ቁፋሮው ውሃችንን መረዘው!" እያሉ በየደጁ ዞሩ። እውነቱን ለመናገር፣ የጎሽ ውሃ ሰው ጥርስ ድሮም ቡናማ ነው። "የአገራችን ጥርስ" እያልን እንቀልድበት ነበር እንጂ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እትዬ የብርጓል ግን ጠየቁ። አንድ ቀን ጋቢና ገብተው ተቀመጡና፣

"ይትባረክ፣ ማማው ስንት ዓመቱ ነው?" አሉኝ።

"ሁለት።"

"እናትዓለምስ?"

"ሃያ ስድስት።"

"ታዲያ የእሷን ጥርስ ማን አበለዘው? እስቲ አንተም አፍህን ክፈት።"

"ኧረ እትዬ፣ እየነዳሁ ነው!"

"ክፈት አልሁህ!"

ከፈትሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ። አይተው አይተው፣ "አንተንም አጠጥቼሃለሁ?" አሉ። አምስት ዓመት ሙሉ አልኋቸው። ቆይተው፣ "ዜማ አዲስ ጥርስ ልታበቅል ነው። ምን ዓይነት ጥርስ እንደሚወጣላት ማወቅ አለብኝ" አሉ።

ዘዴውንም ያገኙት ራሳቸው ናቸው፤ ከቁፋሮው በፊት የተቀዳ ውሃ ይፈለግ! ጎሽ ውሃ የመጣ ሰው ሁሉ ውሃ ቀድቶ ነው የሚሄደው። ሲያስቡ ሲያስቡ ባሕር ዳር ጨርቅ የሚነግዱት ወይዘሮ ዘይነት ትዝ አሏቸው፤ ከአምስት ዓመት በፊት ለጉልበታቸው መጥተው ነበር። ሐሙስ ጠዋት ቤታቸው ሄድን። "እንዴት እጥለዋለሁ? ባመመኝ ቁጥር ጨርቅ ነክሬ አስርበታለሁ፤ አንድ ቀርቶኛል" ብለው ከአልጋቸው ሥር አንድ የታሸገ ላስቲክ ጠርሙስ አወጡ። እትዬ የብርጓል በብርሃን አገላብጠው አዩት፣ ከፍተው አሸተቱት፤ ባልይዛቸው ሊቀምሱትም ነበር።

የአምስት ዓመቱንና የዚያኑ ዕለት ጠዋት የተቀዳውን ይዘን ውሃ ወደሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ሄድን። የተቀበለችን ወንጌላዊት የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት። ምስኪን! እትዬ ከአጠገቧ አልነቃነቅ አሉ። "ይህ ምንድን ነው? ለምን ትነቀንቂዋለሽ? ብትሳሳቺስ በምን ታውቂያለሽ?" ልጅቷ ስቃ፣ "እማማ፣ ለምን እዚሁ አይቀጠሩልኝም?" አለቻቸው።

ሲያልቅ ግን ሳቋ ቀረ። "ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለበት። ለመጠጥ በሊትር ከአንድ ተኩል ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ይህ አሥራ አንድ ነው።"

"የትኛው?"

"ሁለቱም። ቁፋሮው ያመጣው አይደለም፤ ድሮም ከምድር ሥር ይዞት የሚወጣ ነው። ለመታጠብ ግድ የለውም። ልጅ ግን መጠጣት የለበትም፤ ጥርስ የሚበልዘው ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው። ብዙ ዓመት ሲጠጣ ደግሞ አጥንትም ይጎዳል፣ እግር ያጎብጣል።"

"እኛ እኮ አጥንት ያጠናል ብለን ነው" አሉ እትዬ፣ ቀስ ብለው።

"ማን ነው የሚያጠጣቸው?" አለች ወንጌላዊት።

እትዬ የውጤቱን ወረቀት ተቀበሏት። ወረቀቱን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። ጎሽ ውሃ እስክንደርስ ድረስ እጃቸውን ከደረታቸው ላይ አላነሡም፤ እኔም ሬዲዮ መክፈት ፈራሁ። ሲወርዱ፣ "ለማንም እንዳትናገር። እሑድ ስብሰባ አለ፣ እኔው እናገረዋለሁ" አሉኝ። እሺ አልሁ። ሸክሙ የእኔ ባለመሆኑ ደስም ሳይለኝ አልቀረም።

እሑድ ትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ። የቁፋሮው መሐንዲስ ሕዝቅኤል ፊት ለፊት ተቀምጧል። አቶ ገብረ ሕይወት ተነሡና፣ "የብርጓል ባሕር ዳር ድረስ ሄዳ አስመርምራለች! ንገሪያቸው እንጂ!" አሉ። ቀደም ብለው እትዬን "ውሃው መጥፎ ነው ወይ?" ብለው ጠይቀዋቸው፣ እትዬም "አዎ" ብለዋቸው ነበር፤ አቶ ገብረ ሕይወትም ከዚያ ወዲያ ያለውን መስማት አላስፈለጋቸውም።

እትዬ ተናገሩ። ሁለቱን ጠርሙስ፣ አሥራ አንዱን፣ ድዱን፣ አጥንቱን፤ አንድ አላስቀሩም። ግቢው ታመሰ። "ተገዝታለች!" ያለም አለ። ሕዝቅኤል ፈገግ ሲል ግን እትዬ ዞሩበት።

"አንተ ደግሞ አትሳቅ! ሽታህ ልጆቹን ያስላቸዋል፤ እሱ ገና አልተለካም። መለኪያ የለውም?"

"አለው፣ እናመጣለን።"

"መቼ?"

"በሚቀጥለው ሳምንት።"

"ሰኞ ነው ማክሰኞ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሰውዬውም "ማክሰኞ" ብሎ ጻፈው። ነገሩ በዚሁ የሚያልፍ መስሎኝ እኔም ሳቅሁ።

ያኔ እናትዓለም ተነሣች።

"እናቴ፣ ይህን ያወቅሽው ሐሙስ ነው። ከዚያ ወዲህ ዜማን አጠጥተሻታል?"

"አላጠጣኋትም፤ ሰው ሳያይ ኩባያዋን ደፋሁት" አሉ እትዬ።

እናትዓለም እፎይ ብላ ተቀመጠች። ከጀርባዋ ግን ሔራን፣ የአራት ዓመት መንትዮች እናት፣ ቀስ ብላ ቆመች።

"የእኔዎቹንስ?"

እትዬ የብርጓል ወደ እሷ ዞሩ። "ሰልፉን ባቆመው ሳልናገረው ሊሰማ ነው። ምን እንደምላችሁ ጨነቀኝ፤ ሦስት ቀን ነው ብዬ..." አሉና አቋረጡት።

"የእኔዎቹንስ አልሁ።"

"አጠጥቻቸዋለሁ።"

ሔራን አልጮኸችም። ልጆቿን ግራና ቀኝ ይዛ በመካከላችን አልፋ ወጣች። እትዬ በቆሙበት አለቀሱ፣ ማንም ተነሥቶ አልያዛቸውም። እኔም አልተነሣሁም። ዓርብ ጠዋት መኪናዬን ሳጥብ መንትዮቹን ከሰልፉ ውስጥ አይቻቸው፣ እጄን አውለብልቤላቸው ነበር።