ዋስ ያጣው ፖሊስ

የታሰርሁት አቤት ልል ሄጄ ነው። ወረቀት አልበተንሁም፤ በስውር ከማንም ጋር አልተሰበሰብሁም። ቀን ሥራዬን ሠርቼ ማታ ቤቴ የምገባ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበርሁ። ወንድሜን ተኩሶ የገደለው ፖሊስ ለፍርድ ይቅረብልኝ ብዬ፣ ታጥቤ፣ የክት ልብሴን ለብሼ፣ ጣና ዳር ወደነበረው ፖሊስ ጣቢያ በእግሬ ሄድሁ። ከሳሽ ሆኜ ገብቼ እስረኛ ሆኜ ቀረሁ።

ታናሽ ወንድሜ በደንገል ታንኳ ከደሴቶቹ ማገዶና ሎሚ እያመላለሰ የሚኖር ሰው ነበር። ደንገል የሐይቅ ዳር ቄጠማ ነው፤ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ታንኳ ሲመሽ ከሐይቁ ይወጣና ዛፍ ተደግፎ ሲንጠፈጠፍ ያድራል፤ ጧት ባለቤቱ አናቱ ላይ ተሸክሞ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። የሞተ ዕለት ጎሕ ሲቀድ ወንድሜ ታንኳውን ተሸክሞ ሲወርድ ዳርቻውን ይጠብቅ የነበረ ፖሊስ ተኮሰበት። "መሣሪያ ሊያወጣ ሲል ነው" ተባለ። ሬሳውን የሰጡን "ፀረ አብዮተኛ ነውና ለቅሶ የለም" ብለው ነው። እናቴ ጥቁር እንዳትለብስ ከቀበሌ መጥተው አስጠነቀቋት።

እናቴ ደሙን መልስ አላለችኝም። "ልጄ ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ" አለች አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በኋላ ግን እራቴን ስታቀርብልኝ ፊቴን አታይም ነበር። ጠመንጃ ቢኖረኝ ኖሮ አቤት ለማለት ባልሄድሁ፤ ይህን ዛሬም አልደብቅም። ስለሌለኝ ሕግ ፈለግሁ።

የጣቢያው አለቃ ከጠረጴዛው ቀና ብሎ "ማንን ነው የምትከስ?" አለኝ።

"ወንድሜን የገደለውን ፖሊስ።"

"እሱማ ያውልህ" ብሎ በአገጩ ወደ በሩ አሳየኝ። በሩ ላይ አንድ ቀጠን ያለ ወጣት ፖሊስ መፋቂያ አፉ ውስጥ ሰክቶ ቆሟል። "አብዮቱን የጠበቀ ጓድ ነው። አንተን ደግሞ እኛ እንጠብቅሃለን።"

በክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ወጣቱ አልሳቀም። አየኝ፤ ከዚያ መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዛውሮ ፊቱን ወደ ውጭ መለሰ። ሰው ገድሎ ጥርሱን ይፍቃል። እኔ የዚያን ቀን የለበስሁትን ሸሚዝ ቀለም ረስቻለሁ፤ ያቺን መፋቂያ ግን አልረሳሁም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የዓሣ መረብ ይከማችበት የነበረ ነው። ግድግዳው ላብ ያልበዋል፤ በድንጋዮቹ መሐል የደረቀ ቅርፊት ተጣብቆ ያብለጨልጫል። ሐይቁ ይሰማል እንጂ አይታይም። ቀድመውኝ የገቡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ከእነሱ ሁለቱን ልንገራችሁ። አንዱ በንጉሡ ዘመን አጥቢያ ዳኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ "የፊውዳል ርዝራዥ" ተብለው ገብተዋል። ሁለተኛው የባሕር ዳር ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ አቡጀዴ ደብቀሃል ተብሎ ነው የታሰረው። ሰውየው በሰቀቀንም መሐል ሰው ማሳቅ ይችልበት ነበር። ሁለቱም የእኔን ነገር ከአፌ ሰሙ።

ክረምቱ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በሩ ተከፈተና ጋቢ የደረበ ሰው ገፍትረው አስገቡ። ደንባችን ነበረና፣ አዲስ የገባ ቆሞ በምን እንደታሰረ ይናገራል።

"መሣሪያ ጠፍቶብኝ ነው" አለ፣ ወለሉን እያየ።

"ፖሊስ ነህ?" አለው ነጋዴው።

"አዎ።"

ቀና ሲል አወቅሁት። መፋቂያው የለም እንጂ ሰውየው ራሱ ነው። እሱም አወቀኝ፤ ወደ በሩ አፈገፈገ፤ በሩ ግን ተዘግቷል። ነጋዴው ፊቴን አይቶ ገባውና "ወላሂ፣ ይኼማ የሰው ነፍስ ቢጠፋበት ኖሮ አይታሰርም ነበር" አለ። ማንም አልሳቀም።

ተነሣሁ። ጉሮሮው ቀጭን ነበር፤ እጄ ይበቃዋል ብዬ አሰብሁ። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቀን አልነበረም። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ሳይነሡ "ተው አንተ ልጅ" አሉኝ።

"አባባ፣ እግዜር ራሱ ነው ያመጣልኝ። ምነው ይተውኝ?"

"ብትገድለው ወንድምህ መሣሪያ ሊያወጣ ሲል ሞተ እንደተባለ ይቀራል። አንተ የምትፈልገው አንገቱን ሳይሆን አፉን ነው። ሕግ አታውቅም?"

የዛሬ ልጆች ምናልባት አታውቁት ይሆናል። በአባቶቻችን ዘመን የተበደለ ሰው በዳዩን ባገኘበት "በሕግ አምላክ!" ይለዋል። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው፣ ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል ነበር። ከዚያ የልብሱን ጫፍ ከተከሳሹ ልብስ ጫፍ ጋር ይቋጥራል፤ ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ሁለቱ ቁራኛ ናቸው። ተከሳሹ ዋስ ከጠራ ይፈታል። ዋስ ካጣ አብረው ይበላሉ፤ አብረው ያድራሉ። ቋጠሮው የጨርቅ ነው፤ ሕፃን ይፈታዋል። ግን ያለ ዳኛ ቃል የሚፈታው ሰው አልነበረም።

"በሕግ አምላክ!" አልሁት።

ያ ልጅ ቆመ። ከበሩ ላይ ጀርባውን አላቅቆ፣ እጆቹን አውርዶ ቆመ። እሱም የገበሬ ልጅ ነው፤ አባቱ ሲሟገት እያየ ያደገ ነው። የጋቢዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠርሁና በጥርሴ አጠበቅሁት።

"ዋስ ጥራ" አሉት ሽማግሌው።

ክፍሉን ዞሮ አየ። ነጋዴው ላይ ሲደርስ "እኔን አትየኝ ወንድሜ፣ ለራሴም ዋስ ያጣሁ ነኝ" አለው። ፖሊሱ ወደ በሩ ተጠግቶ ውጭ የቆመውን ዘበኛ በስሙ ጠራው። እስከ ትናንት አብረው አንድ ትሪ የበሉ ናቸው። "ዋስ ሁነኝ" አለው። ዘበኛው "አብደሃል?" ብሎ ሳቀና ሄደ።

"እንግዲህ ቁራኛ ነህ" አሉ ሽማግሌው። "ነገ ጧት ይታያል።"

እኔ ጨዋ ነበርሁ አልልም። ስነሣ ሳልነግረው እነሣለሁ፤ እየተጎተተ ይደናቀፋል። ሊተኛ ሲል እቀመጣለሁ። ሲገላበጥ ጋቢው ይስበኛል፤ እኔም መልሼ እስበዋለሁ። ቢሰድበኝ፣ ቢመታኝ እንዴት በወደድሁ! አንድ ቃል ሳይተነፍስ አደረ። ቋጠሮው ግን ጧት እንደታሰረ ነበር።

ሲነጋ ሽማግሌው ሰሌናቸውን አጣጥፈው እንደ ችሎት ተቀመጡ። ነጋዴውና ሌሎቹ ዙሪያውን ቆሙ።

"ንገረን" አሉት።

"ታዝዤ ነው ጌታዬ። በሐይቁ መሣሪያ የሚያሻግሩ አሉ፣ ንቁ ተባልን። ከደጋ ነው የመጣሁ፤ ለዚህ አገር አዲስ ነበርሁ። ጎሑ ገና ነው። ረጅም ነገር የተሸከመ ሰው አየሁ። ቁም አልሁት።"

"ቆመ ወይስ ሄደ?"

"ቆመ።"

"ከዚያስ?"

"ወደ እኔ ዞረ። ያ የተሸከመው ነገር አብሮት ዞረና ወደ እኔ መጣ። እጅ ወደ ላይ አልሁት። እጁን ... አላነሣም።"

ደሜ ፈላ። የጣና ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ይኼ ሰው አያውቅም። ወይም አውቆ ረስቷል። የምንተኛበትን ትልቁን ሰሌን ጠቅልዬ አናቴ ላይ አደረግሁት። ደንገል አይደለም፤ ግን ርዝመቱ ይበቃል። ታንኳ በአንድ እጅ አይያዝም። ሁለት ክንድ ወደ ላይ ተዘርግቶ ግራና ቀኙን ካልጨበጠው ይወድቃል። አፍንጫው ከፊት ስለሚያዘነብልም ተሸካሚው የሚያየው እግሩ ሥር ያለውን ብቻ ነው። ከኋላው የጠራውን ለማየት ታንኳውን ይዞ መላ አካሉን መዞር አለበት።

"ጥራኝ" አልሁት። "እንደዚያ ቀን ጥራኝ።"

ዓይኑን ከሰሌኑ ላይ አሸሸ።

"ጥራው" አሉ ሽማግሌው።

"ቁም" አለ፣ በማይሰማ ድምፅ።

ቆምሁ። ከነሰሌኑ ቀስ ብዬ ዞርሁ። ጋቢያችን በመሐላችን ተወጠረ። ሰሌኑ በፊቱ አልፎ ሲሄድ ፖሊሱ ዓይኑን ጨፈነ።

"አሁን እጁ የት ነው ያለ?" አሉት ሽማግሌው።

ዓይኑን ገልጦ ወደ እጆቼ አየ።

"የዚያን ቀንስ የሟቹ እጅ የት ነበር?"

ሐይቁ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማኛል።

"ላይ" አለ።

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም ላይ ነበሩ።"

"ታንኳውን ከመያዝ በቀር ሌላ ምን ይዞ ነበር?"

"ምንም። ከወደቀ በኋላ ፈተሽሁት። ምንም አልነበረውም።"

"ታዲያ መሣሪያ ሊያወጣ ሲል ያለው ማን ነው?"

"አለቃዬ ነው። እኔ እሺ አልሁ።"

ሰሌኑን ጣልሁት። እጄ ተነሥቶ ነበር፤ ማን እንደያዘው እንጃ፣ ነጋዴው ይመስለኛል። "እሺ አልሁ!" ወንድሜን ያቺ ጥይት ብቻ አልገደለችውም። ይቺ "እሺ" ናት እናቴን ማቅ የከለከለቻት።

"እኔ የተሻርሁ ዳኛ ነኝ" አሉ ሽማግሌው። "ልፈርድብህ ሥልጣን የለኝም። ቃልህን ግን ሰምተናል። የሚፈርድ ዳኛ እስኪገኝ ቁራኛ ሆነህ ቆይ። ሰምታችኋል?"

"ሰምተናል" አለ ክፍሉ ሁሉ።

እንደዚያው ሆነን ሰነበትን። አንድ ቀን ዘበኛው በሩን ከፍቶ ፖሊሱን "ና ውጣ" አለው። ጠመንጃው ተገኘ፤ አንዱ ጓደኛው ሰክሮ የራሱ መስሎት ይዞት ሄዶ ኖሯል። ጠመንጃው ሲገኝ ባለጠመንጃው ነፃ ወጣ። የእኛን ሟች ግን የሚያገኝልን አልነበረም።

"ፍታው" አለኝ ዘበኛው።

"እኔ አይደለሁም የምፈታው። ዳኛ ነው።"

በሰደፍ ትከሻዬን መታኝ። ተንበረከክሁ፤ ቋጠሮውን ግን በጭብጤ ያዝሁ። "ኧረ አንተ ራስህ ፍታው እንጂ!" ብሎ ፖሊሱ ላይ ጮኸበት። ፖሊሱ እጁን ወደ ቋጠሮው ሰደደ። ሽማግሌውን አያቸው። እሳቸው ምንም አላሉትም። እጁን መለሰ።

ዘበኛው እየተሳደበ ሳንጃውን መዘዘና የፖሊሱን ጋቢ ቆረጠው። ያ ልጅ ጫፍ በሌለው ጋቢ ወጣ። ቋጠሮው እኔ ዘንድ ቀረ። ትከሻዬ እየነደደ ተነሥቼ፣ ጋቢዬን አጣፋሁና ቋጠሮውን ከፊት አድርጌ፣ ዘበኛው በሩን እስኪዘጋ ቀጥ ብዬ ቆምሁ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ስፈታ ለእናቴ ያመጣሁላት እሱን ነው። በጣቶቿ ዳሰሰችው።

"አመነ?"

"አመነ። እጆቹ ወደ ላይ ነበሩ አለ። ሰው ሰምቶታል።"

ፊቴን አየችኝ። በማግስቱ ጥቁር ለብሳ ገበያ ወጣች። ደርጉ ገና አልወደቀም፤ የቀበሌው ሊቀመንበር በአጠገቧ አለፈና ዞር አለ።

መንግሥት ሲለወጥ እንደገና ታጥቤ፣ እንደገና የክት ልብሴን ለብሼ ሄድሁ። ሽማግሌው ሞተዋል፤ ነጋዴው ግን ሱቁን ዘግቶ ሊመሰክርልኝ ተከተለኝ። ዐቃቤ ሕጉ ጨዋ ልጅ ነበር። ፋይል የለም አለን። እስረኞች እርስ በርሳቸው የተናገሩት ቃል ብቻውን አያስከስስም አለን። ስንወጣ ነጋዴው "ቁራኛህን ጠብቅ እንግዲህ" አለኝ። እየቀለደ አልነበረም።

ጠበቅሁት። ዓባይ ማዶ ትንሽ ሱቅ ከፍቶ አገኘሁት፤ ጡረተኛ ሆኗል፤ ጥርሱ ረግፏል። መጀመሪያ ቀን ጋቢዬን ለብሼ፣ ቋጠሮውን ከፊት አድርጌ ሱቁ ደጃፍ ቆምሁ።

"ዋስ አገኘህ ወይ?" አልሁት።

ቋጠሮውን አይቶ ከበርጩማው ተነሣ።

ይቅር በለው ይሉኛል፤ የንስሐ አባቴም ጭምር። ይቅር የሚባለው ተፈርዶበት ነው። ያልተፈረደበትን ሰው ከምኑ ላይ ነው ይቅር የምለው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ድልድዩን እሻገርና በሱቁ ፊት አልፋለሁ። ቃል አልናገረውም፤ እርምጃዬንም አላፈጥንም። ሲያየኝ ከበርጩማው ይነሣል። እጆቹን አውርዶ፣ እስካልፍ ድረስ በፀሐይ ላይ ይቆማል። ሠፈርተኛው ለዕድሜዬ ያከበረኝ ይመስለዋል። ጉልበቱ ታሟል አሉኝ፤ ይታመም። እኔም በዝግታ ነው የማልፈው።

ወንድሜም ቁም ሲባል ቆሞ ነበር።