ቤት የእግዜር ነው

የገና ሰሞን ላሊበላ ውስጥ ያደገ ሰው የመንገደኛ እግር ጠረን አይጠፋውም። እኔ ልጅ ሳለሁ ቤታችን ሰሞኑን ሁሉ አቧራ፣ ላብና የሞቀ ውሃ ይሸት ነበር። ተሳላሚው ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ!» ይላል፤ ከውስጥ «ቤት የእግዜር ነው» ይባላል። ያ ቃል ከወጣ አለቀ። እግሩ ሳይታጠብ፣ እህል ሳይቀምስ «የማን ዘር ነህ?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነበር። ይህን መልስ ከሁሉ ቀድሜ መስጠት ደስታዬ ነበር፤ አፌ እንደሁ አያርፍም።

አንድ ማምሻ እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ፣ አባቴ ጓሮ እንጨት ሲፈልጥ ጥሪው መጣ። «ቤት የእግዜር ነው!» አልኩ ጮክ ብዬ። ከሙጃ አገር የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። አስገብቼ መደብ ላይ አስቀመጥኳቸው።

አባቴ ምሳሩን እንደያዘ ገባና በሩ ላይ ቀጥ አለ። ሽማግሌውም አወቁት፤ ፊታቸው አመድ መሰለ። አጎቴን የገደለው ሰው አባት ነበሩ። በሁለቱ ቤት መካከል እርቅ አልወረደም። መውጫው አንድ በር ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ አባቴ ቆሟል።

«የማን ቤት እንደሆነ አላወቅሁም። ልውጣልህ» አሉ ሽማግሌው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ማነው የመለሰላቸው?» አለኝ።

«እኔ።»

እንዳያስወጣቸው ቃሉ ከቤቱ ወጥቷል፤ እንዳያስተናግዳቸው የወንድሙ ደም አለ። በመጨረሻ ምሳሩን ከበሩ ሥር አስቀመጠና «አንች ልጅ፣ ውሃ አሙቂ» አለኝ።

እግራቸውን ራሱ አጠበ። ሲጨርስም እንደ ወጉ ጎንበስ ብሎ እግራቸውን ሳመ። ሽማግሌው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። «ልጄን እኔ አባቱ እንኳ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም» አሉ። ከጥምቀት በኋላ ካህናቱ መሐል ገብተው እርቁ ወረደ። አባቴ እስኪሞት ድረስ «ያ አፍሽ ባይቀድመኝ ኖሮ እኔስ አላስገባቸውም ነበር» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ዛሬ እዚያው ከተማ ነው የምኖረው። የቤቴ በር ብረት ነው፤ ማን እንደመጣ ሳልከፍት በስልኬ አያለሁ። ከታናሽ እህቴ ጋር በአባታችን ቤት ውርስ ተኳርፈን ቁጥሯን ብሎክ አድርጌዋለሁ። በምትሄድበት መንገድ አልሄድም። አባቴ መሸሻ አጥቶ ነበር የዳነው፤ እኔ መሸሻው በዝቶልኝ፣ ይኸው በገዛ ከተማዬ ታስሬ እኖራለሁ። ክርስቲያን ነኝ ማለቱ ራሱ ያሳፍረኝ ጀምሯል።

ባለፈው እሁድ በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል እህቴ በግራዬ ቆማ ኖሯል። እኔ በቀኝ ላለችው ለማላውቃት ሴት እጅ ነሳሁ። ቀና ብዬ በዓይኔ ጥግ ሳይ፣ እህቴ ወደ እኔ እንደጎነበሰች ነበረች።