በእኔ ፈንታ የጎረሱት እማማ

ይህ ነገር የሆነው አምና በጥር ወር፣ እህቴ ባገባችበት ሰሞን ነው። ከሰርጉ ብዙው ነገር ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ኬኩ ስንት ደረጃ እንደነበረው ብትጠይቁኝ አላውቅም። አንዲት ስማቸውን የማላውቃቸው እናት ግን ዓይኔን ስጨፍን አጠገቤ ቁጭ ብለው ይታዩኛል። ስለ እሳቸው ለሰው ሳወራ ሁሌ ይበላሽብኛል፤ ወይ እቸኩላለሁ ወይ ሳቄ ይቀድመኛል። ስጽፈው ግን ቀስ እያለ፣ በተራ በተራው ይመጣልኛል። እንዴት ደስ እንደሚል!

መጀመሪያ ስለ ሆዴ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም። ትልቁ አንጀቴ ይቆስላል። ሐኪሞቹ ኮላይትስ ይሉታል። በየቀኑ የምውጠው ኪኒን አለኝ፣ እሱን እየወሰድኩ ለወራት ደህና እሆናለሁ። ከዚያ ሳይታሰብ ያገረሻል። ሲያገረሽ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ያስቀምጠኛል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሐኪሜ ቀለል ብሎ ሲመጣ ቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደምችል፣ ከከበደ ደግሞ ውዬ ሳላድር እንድመጣ ነግራኛለች።

እኛ ቤት ግን ኮላይትስ የሚባል በሽታ የለም። እማዬ ዘንድ ሆድ ውስጥ ያለ ሕመም ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ ጨጓራ። "ልጄን ጨጓራዋ ተነሳባት" ትላለች ለጎረቤት። ጨጓራ ከተባለ ደግሞ ተልባ ይመጣል። ተልባ የያዘ ብርጭቆ ሳይ አንጀቴ ራሱ ተነስቶ የሚሸሽ ይመስለኛል።

ያገባችው ታላቅ እህቴ ምሕረት ናት። እማዬ ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ ያለው የጨርቅ ሱቃችን ስትውል፣ ጸጉሬን እየሠራች፣ የቤት ሥራዬን እያየች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከሰርጉ በኋላ ከባሏ ጋር ዲላ ልትገባ ነው። ሚዜዎቿን ስትመርጥ "አንቺ አጠገቤ ካልቆምሽ በቬሎዬ ሮጬ ቤት ነው የምገባው፣ ነግሬሻለሁ" አለችኝ። እኔም ከሰርጉ እስከ ቅልቅሉ ከጎኗ ላልጠፋ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ሆዴ ይህን ሰምቶ ነው መሰለኝ፣ በሰርጉ ሳምንት አገረሸ።

ለእማዬ ብነግራት "ጨጓራዋ ነው፣ ትተኛ" ተብሎ ሚዜነቱ ለአጎቴ ልጅ ይሰጣል። ለምሕረት ብነግራት ደግሞ ሰርጓን ትታ እኔን ታስታምማለች። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ወደ ፋርማሲ ሄድኩ።

ፋርማሲው ውስጥ ሰው ተሰልፏል። ከኋላዬ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ቆሟል። ነጭ ጋውን የለበሰችው ፋርማሲስት ወጣት ናት፣ ፊቷ ፈገግ ያለ። ጎንበስ ብዬ "ሆዴን እየቆረጠኝ ነው፤ ማስታገሻ ፈልጌ ነበር" አልኳት።

እሷም ጎንበስ አለችልኝ። "የኔ ቆንጆ፣ የወር አበባ ነው?"

እውነቱን ልንገራችሁ? ደስ አለኝ። ከተቅማጥ የወር አበባ ይሻላል፤ ቢያንስ ስሙ ውስጥ አበባ አለበት። ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ አዎ ወሰደችውና ከመደርደሪያው አንድ እሽግ አወረደች። "አይቡፕሮፌን ነው፤ ምግብ በልተሽ ውሰጂው።"

ይሄኔ የሐኪሜ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። እሱንና መሰሎቹን እንዳትነኪ፣ ለአንጀትሽ ጥሩ አይደሉም ብላኝ ነበር።

"እሱ ይቅር" አልኳት።

"ለምን? አይስማማሽም?"

"አይ... ማለቴ አዎ..."

"አዎ ነው አይ?"

ከዚያ ድምፄን መቆጣጠር አቃተኝና "ትልቁ አንጀቴ ነው! ቁስለት አለበት! ያስቀምጠኛል!" ብዬ አወጣሁት። ባለ ከረባቱ ሰውዬ በድንገት የጥርስ ሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ።

ፋርማሲስቷ አልሳቀችም። እሽጉን ቶሎ ብላ ወደ ቦታው መለሰችና የዘወትር ኪኒኔን አቋርጬ እንደሆነ፣ ደም አይቼ እንደሆነ፣ ትኩሳት ይኖረኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ምንም አልነበረም። "እንግዲያው ለሕመሙ ፓራሲታሞል፣ ለሚወጣው ፈሳሽ ደግሞ ኦ አር ኤስ" አለች። "ተቅማጥ የሚያስቆመውን ግን አልሰጥሽም። እሱ ሐኪምሽ ሳያውቅ አይወሰድም።"

"ሰርግ አለብኝ እኮ፤ ሚዜ ነኝ።"

"ሚዜ! እንግዲያው ስሚኝ። ደም ካየሽ ወይም ካተኮሰሽ ሰርግ የለም፣ ሆስፒታል ነው። በቬሎም ቢሆን።"

"ቬሎው የእህቴ ነው።"

"በሚዜ ቀሚስም ቢሆን!"

ከዚያ ሳምንት የማስታውሰው ነጭ ነገር ብቻ ነው። ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ልጣጩ የተነሳለት ድንች፣ ያለ ቅቤ የተሠራ ቀጠን ያለ የቡላ ገንፎ። አንዳንዴ ቆሮሶ ዓሣ ተቀቅሎ። ዓሣን ያለ ዳጣ መብላት ምን እንደሚመስል የሐዋሳ ልጅ ያውቀዋል፤ ሌላው ይገምት። ወተት ተውኩ፣ ሰላጣ ተውኩ፣ በርበሬ ያለበትን ሁሉ ተውኩ። ቤት ውስጥ ሲጠይቁኝ "ቀሚሱ እንዳይጠበኝ ነው" እላለሁ። ሁሉም አመነኝ። ተልባ እንኳ አልመጣም።

ጠዋት ጠዋት ኦ አር ኤሱን በውኃ ኮዳዬ በጥብጬ ወደ ሐይቅ ዳር እወርድ ነበር። ትንሽ ስለምበላ ጭንቅላቴ ቀለል ይለኛል፣ እግሬ መሬት የሚነካ አይመስለኝም። ጉሙ ገና ከሐይቁ ላይ አልተነሳም። ውኃው የት እንዳበቃ፣ ሰማዩ የት እንደጀመረ አይለይም፤ ጀልባዎቹ አየር ላይ የተሰቀሉ ይመስላሉ። አንድ ወፍ ሲነሳ ክንፉን እሰማለሁ፣ ወፉን ግን አላየውም። ኮዳዬን ፉት እላለሁ። ጨው ጨው፣ ደግሞ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። እንባ ውስጥ ስኳር ጣል ቢደረግበት እንዲህ ነው የሚሆነው እያልኩ አስብ ነበር። ሆዴን በእጄ እየዳበስኩ "እባክህን፣ ቅልቅሉ እስኪያልፍ ብቻ" እለዋለሁ። እሱም የሰማኝ ይመስል ቀስ በቀስ እየተሻለው መጣ። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

የሰርጉ ቀን በሰላም አለፈ። መድረክ ላይ ስለተቀመጥን ሳህኔን የሚያይ አልነበረም። ጉዱ የመጣው ቅልቅሉ ላይ፣ ሁለቱ ቤተሰብ በሚቀላቀልበት ድግስ ነው።

የሙሽራው የአበራ ወገኖች የቡታጅራ ሰዎች ናቸው። ሐዋሳ ላይ ሱቅ ከፍተው ሲሠሩ ኖረዋል። ድንኳኑን ግቢያቸው ውስጥ ተከሉ። ድንኳኑ አረንጓዴ ስለነበር የከሰዓቱ ብርሃን በሸራው አልፎ ሲገባ የሁላችንንም ፊት አረንጓዴ አድርጎታል። ሐይቁ ሥር ተቀምጠን የምንበላ እንመስል ነበር። የሰው ወሬ ከሩቅ፣ ከውኃ በላይ እንደሚመጣ ድምፅ ይሰማኛል። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሻለሁ። ነጭ! እንደገባሁ መጀመሪያ ያየሁት ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ነው።

በአንድ ጎኔ ምሕረት አለች። በሌላው ጎኔ አንዲት ቀጭን እናት ተቀምጠዋል፤ ጥቁር ሻሽ አስረው ነጠላቸውን እስከ አገጫቸው ሳብ አድርገዋል። መቼ መጥተው እንደተቀመጡ አላየሁም። "ደህና ዋሉ እማማ" ስላቸው ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

ክትፎው መጣ። የአበራ አክስት እትዬ ዘነበች ናቸው ያዘጋጁት። በቤተሰቡ ውስጥ እንደ እሳቸው ክትፎ የሚሠራ የለም ይባላል። እጃቸውን ታጥበው፣ ከሙሽራውና ከሙሽሪት ጀምረው ማጉረስ ያዙ። ከዚያ ትልቅ አድርገው ጠቅልለው ወደ እኔ ዞሩ።

"በሞቴ!" አሉኝ።

በሞቴ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ሰው በራሱ ሞት እየለመነ ጠግቤያለሁ ይባላል እንዴ?

እኔ ግን "እትዬ፣ ጠግቤያለሁ" አልኩ።

"ምን በልተሽ? ሳህንሽ ላይ ያለው ሩዝ ብቻ ነው! ምነው፣ የቡታጅራ እጅ ይመርራል?"

ሰው ሳቀ። ሳቁ ውስጥ ግን ጥያቄም ነበረበት። ከወዲያ የአበራ ወገኖች ያዩኛል፣ ከወዲህ የእኛ። እማዬ ከሩቅ በዓይኗ "ጉረሺ!" ትለኛለች። ምሕረት ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨመቀችኝ። ብጎርሰው፣ ያ ሁሉ ሚጥሚጣና ቅቤ ወደ ቆሰለው አንጀቴ ወርዶ በዚያ ነጭ ቀሚስ ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ። ባልጎርሰው ደግሞ "የሙሽሪት እህት ክትፏችንን ናቀች" ይባላል። ወሬው የሚከተለው እኔን አይደለም፣ ምሕረትን ነው። ቅቤው በእትዬ ዘነበች ጣት ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ አየዋለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ጊዜ የቆመ መሰለኝ።

ያኔ ከጎኔ ያሉት እማማ አንገታቸውን አስግገው አፋቸውን ከፈቱ። በሰፊው።

እትዬ ዘነበች ግራ ገባቸው። "እማማ?"

"በሞቴ የሚባለው ለእኔ ነው" አሉ እማማ። "ለሞት የቀረብኩት እኔ ቁጭ ብዬ ልጅ ይጎርሳል?"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ዘነበች "ውይ! ይቅር ይበሉኝ፣ ሳላይዎት ነው!" ብለው ጉርሻውን ለእሳቸው ሰጡ። እማማ አላምጠው ዋጡና "ይጣፍጣል። ድገሚኝ" አሉ። ደገሟቸው።

"አሁን ግን የልጅቷ ተራ ነው" አሉ እትዬ ዘነበች፣ ሌላ እየጠቀለሉ።

እማማ እንደገና አፋቸውን ከፈቱ።

"ኧረ እማማ፣ ሚዜያችንን በረሃብ ሊገድሉብን ነው!" አለ አንድ የአበራ ጓደኛ ከወዲያ።

"አንተ ዝም በል! ለአንተም አላስተርፍልህም" አሉት፤ አማርኛቸው ሲዳምኛ ሲዳምኛ ይላል። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ይቺ ልጅ ዛሬ የእኔ ናት። የማጎርሳት እኔ ነኝ" አሉ።

ከሳህኔ ላይ ነጩን ሩዝ በጣታቸው ጫፍ ሰብሰብ አድርገው ወደ አፌ አመጡት። "ቤቶ፣ በሞቴ" አሉኝ። ቤቶ በሲዳምኛ ልጅ ማለት ነው። ጎረስኩ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሰዉ አጨበጨበ። የሙሽሪት እህት ጎረሰች፤ ምን እንደጎረሰች የጠየቀ የለም። እትዬ ዘነበችም ክትፏቸው በአዛውንት አፍ ስለተመሰገነ ፊታቸው በርቶ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፉ። የምሕረት እጅ እጄ ውስጥ ሲለሰልስ ተሰማኝ።

ወደ እማማ ጆሮ ጠጋ አልኩ። "እንዴት አወቁ?"

"እጅሽ ሆድሽ ላይ፣ ዓይንሽ በሩ ላይ። ከገባሽ ጀምሮ" አሉኝ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ጠረግ አድርገው "አይዞሽ፤ የእኔ ሆድ ድንጋይ ነው። ለሁለታችን ይበቃል" አሉ።

ትንሽ ቆይቼ ለቁም ነገር ተነሳሁ፤ ወዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ስመለስ ወንበራቸው ባዶ ነበር።

በማግስቱ ምሕረት እኛ ቤት ስትመጣ ሁሉንም ለእሷና ለእማዬ ነገርኳቸው። ምሕረት አለቀሰች። እማዬ ተቆጣች። "አንጀት ከሆነ ታዲያ ለምን ጨጓራ ነው አልሽኝ?"

"አንቺ ነሽ ያልሺው እኮ!"

ይዛኝ ወደ ሐኪሜ የሄደችው ራሷ ናት። ሐኪሜ መድኃኒቴን አስተካከለችልኝ፤ ኦ አር ኤሱንና ምግቡን በደንብ ይዘሽዋል፣ ግን ሲያገረሽ ብቻሽን አትደብቂው አለችኝ። አሁን እማዬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳይቀር "የልጄ ትልቁ አንጀቷ ነው፣ ጨጓራ እንዳትሉ!" እያለች ታስተምራለች። ቀስ በይ ብላት አትሰማኝም። እኔም ብዙ አልገፋም፤ ከዚያ ወዲህ ማንም በሞቴ ሲለኝ ሳልንሾካሾክ ምክንያቴን እናገራለሁ። የሚገርመው፣ ስነግራቸው ሰዎች አይቀየሙም።

ምሕረት እማማን ልታመሰግን ፈልጋ አበራን "እነዚያ የእናንተ እማማ ቤታቸው የት ነው?" አለችው።

"የእናንተ አይደሉም እንዴ?" አላት።

ከእኛ ወገን የሚያውቃቸው የለም። ከእነሱም የለም። ጎረቤትም ተጠየቀ። የቅልቅሉን ቪዲዮ ደጋግመን አየነው። አሉ፤ ፊታቸው ግን በእትዬ ዘነበች ክንድ ተሸፍኗል፣ የሚታየው የተከፈተ አፍ ብቻ ነው።

ነገሩ ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ክርክሩ ተገላበጠ። እትዬ ዘነበች "በድንኳኔ የተቀመጡ፣ በእጄ የጎረሱ፤ የእኛ ናቸው" ይላሉ። እማዬ "ለልጄ ብለው የጎረሱ፣ እንዴት ሆኖ ነው የእናንተ የሚሆኑት?" ትላለች። በዓል በመጣ ቁጥር በሳቅ ይከራከራሉ፤ ማንም አይሸነፍም።

እኔ የማንም ቢሆኑ ግድ የለኝም። ሐይቅ ዳር ስሄድ ጥቁር ሻሽ ያሰረ ሰው ካየሁ ግን እርምጃዬን ፈጠን አደርጋለሁ። ሳስባቸው ደረቴ ውስጥ አንድ ሞቅ ያለ ነገር ይዞራል። አንድ ቀን ባገኛቸው ስማቸውን ከመጠየቄ በፊት የምጠይቃቸው ነገር አለኝ፤ ያን ሁሉ ቅቤና ሚጥሚጣ ስለ እኔ ብለው ሲውጡ፣ እማማ፣ ሆድዎን አላመመዎትም?